እማዬ የወደደችው ገጽ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህ ዛሬም እንደ ሽማግሌ ያስጎነብስሃል? እማዬስ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ደህና ታያለች? አባባስ ከሱቃቸው ደንበኞች ጋር መከራከሩን ተዉ? እኔ ከናፍቆታችሁና ቀጥዬ ከምነግርህ በሽታ በቀር ደህና ነኝ።

በሽታዬ ቅናት ነው። አትሳቅ። ሥራችንን ታውቀዋለህ፤ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የሠሩትን ሁሉ በየደረጃው የሚያስቀምጥላቸው፣ ሲበላሽባቸውም የትናንቱን የሚመልስላቸው የኮምፒውተር ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ መመሪያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ሠራተኛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ድምጿ ስለማይሰማ «ጭጭ» እንላታለን።

እኔ በመመሪያው ላይ «እያንዳንዱ ፋይል በስሙ ይቀመጣል» ብዬ ጽፌ ነበር። ይህን ያመነ አንድ ፕሮግራመር፣ ስም ከቀየርኩ ዕቃ ቤቱ ሌላ ቅጂ ደርቦ ይይዛል ብሎ ፈርቶ፣ «የመጨረሻ»፣ «አሁን በእውነት የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎቹን እንዳሉ ታቅፏቸው ኖሯል። ላስረዳው ብሞክር ጭራሽ አደናገርኩት። አለቃችን ያንን የመመሪያ ገጽ እንደገና እንድትጽፈው ለጭጭ ሰጣት።

እሷ ምን ብላ ጻፈች መሰለህ? «ዕቃ ቤቱ የሚያየው ይዘቱን እንጂ ስሙን አይደለም። አንዲትን ሴት፣ ልጆቿ እማዬ፣ ታናናሾቿ እትዬ፣ ጎረቤት ደግሞ የባለሱቁ ሚስት ቢላት ሴትየዋ ያው አንድ ናት። ይዘቱም አንዴ ብቻ ይቀመጣል፤ ስሙ ሌላ ቦታ ይጻፋል።» ፕሮግራመሩ እፎይ አለ፤ አለቃችንም ገጹን ማንም ሰው በሚያየው ድረ ገጻችን ላይ አወጣው። እኔ እርር ድብን አልኩ። ስህተት ልፈልግባት ደጋግሜ አነበብኩት፤ አጣሁ። ሻይ ልጋብዝሽ ስትለኝ ሆዴን አሞኛል ብዬ ሸሸኋት፤ ደግሞ አልዋሸሁም።

ይህንንስ ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር፤ ያንተ መልእክት መጣና ጨረሰኝ። ገጹን እኔ የጻፍኩት መስሎህ ለእማዬ ብታነብላት «ይህችማ እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች፤ ቀጥላም «ልጄ ምን እንደምትሠራ ገና ዛሬ ገባኝ፤ እንዴት አድርጋ ጻፈችው!» አለች። ስንት ጊዜ በስልክ ሳስረዳት «እሺ የኔ ልጅ፣ በልተሻል?» የምትለኝ እናቴ! ጭጭ አለቃዬን ትውሰድ፣ ፕሮግራመሮቹንም ትውሰድ። እናቴን ግን የምትወስድብኝ ምን አድርጌያት ነው? ትናንት እማዬ ደውላ ስትመርቀኝ፣ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ማለት ሲገባኝ አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን እንደምን ነሽ በልልኝ፤ ሕፃኑንም ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። እማዬን አቅፈህ ሳማትና፣ ያንን ገጽ የጻፈችው ሌላ ሰው ናት ብለህ አንተው ንገራት። «የማን ልጅ ናት? ትባረክ!» ማለቷ አይቀርም። ያቺን ምርቃት ግን እዚያው አስቀራት፤ አድርሺላት ብለህ እንዳትጽፍልኝ።

እህትህ
ከመሥሪያ ቤት፣ ከጭጭ ጎን
ሰኔ 9 ቀን