ከደምስ በላይ ያለው ስም

ጥር 14፣ ሐሙስ

ውሃ ዛሬም አልመጣም። ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው። ከገበያ ቃሪያና ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ ወንጌላዊት ከቢሮ ቀድማኝ ገብታለች። ቤቱን ጠርጋ፣ ሶፋውን አራግፋ... በሥራ ቀን? ልጄን አውቃታለሁ። የሆነ ነገር ልትጠይቀኝ ነው።

"እማዬ፣ ድረስ ሰኞ ሰዎች ይዞ አፍዴራ ሊወርድ ነው። የጨው ሐይቁን ሊያስጎበኝ። አብረን እንሂድ።"

እኔ? በረሃ? ጨው ከፈለግሁ ሱቅ ሞልቷል አልኳት። ሳቀች። ሳቋ አልጣመኝም።

ድረስ ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ነው። አስጎብኚ ነው። ባቲ ተወልዶ፣ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ እዚሁ የቀረ። ለገና ሊጠይቀን ሲመጣ ዘሩን ብጠይቀው "ድረስ፣ አንተነህ፣ ምስጋናው" ብሎ ቆመ። ከዚያ በላይስ? "ከዚያ በላይ እንኳ አላውቅም እትዬ።" የተማረ ሰው አያቱ ላይ ይቆማል? እዚህ አገር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። ዝምድና ቢኖርስ? ደግሞም ያን ጊዜ አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። የማያውቅ ሰው እንደዚያ አይደፋም።

ለባለቤቴ ለአምሳሉ ነገርኩት። ሬዲዮውን እንኳ ሳይቀንስ "ሽማግሌ ሳይመጣ ሂጂና እዪው። ሰው የሚታወቅ መንገድ ላይ ነው" አለኝ።

እሄዳለሁ። ለጨው አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥር 18፣ ሰኞ፤ አዋሽ

ጎኔ አለቀ። ዓባይን ወርደን ወጥተን፣ አዲስ አበባን አልፈን፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ። አብረውን ያሉት አስተማሪዎች ናቸው፤ ሲዘፍኑ ዋሉ። ሹፌሩ ሪያድ የማርቆስ ልጅ ነው፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ።

ድረስ ፊት ለፊት ካለው ወንበር አስቀመጠኝ። ክብር ነው ወይስ ከኋላ ሆኖ ሊያየኝ? ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ ተከፍቷል። አንገቱ ላይ ማተብ የለም። ደጋግሜ አየሁ። የለም!

ሻይ ለመጠጣት ስንቆም ሪያድን በዘዴ ያዝኩት። "አንተ፣ ይሄ ልጅ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?"

"የኔ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ ማዘር። ስንት ጁምዓ ና ብዬው እምቢ ብሎኛል" ብሎ ሳቀብኝ።

መልስ ነው ይሄ?

ጥር 19፣ ማክሰኞ፤ ሰመራ

ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ደጋ ተወልጄ እዚህ ምን አገባኝ... ድረስ ስልኩን እያየ ፈገግ ይላል። ማን ነው የሚጽፍለት? ወንጌላዊት አጠገቡ ተቀምጣለች እኮ።

ጥር 20፣ ረቡዕ፤ አፍዴራ

ደረስን። ምን ብዬ ልጻፈው... ድንጋዩ ጥቁር፣ ሐይቁ አረንጓዴ፣ ዳሩ ነጭ። የሐይቁን ውሃ በሞተር እየሳቡ ሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ያስተኙታል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። እንዲያ ብሎ ድረስ አስረዳን። ሥራውን ያውቃል፤ ይህን አልክድም። የቀን ሠራተኞቹ ብዙዎቹ የደጋ ልጆች ናቸው። አንዱ የሞጣ ልጅ ነው። ከማርቆስ መምጣታችንን ሲሰማ አካፋውን ጥሎ ሊስመን መጣ። እግሩ በጨው ተሰነጣጥቋል። አንጀቴን በላው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የአፋር ሴት ድረስን አገኘችው። እጁን ይዛ አልለቅም አለች። እሷ ታወራለች፣ እሱ "እ... እ..." ይላል። ከዚያ ደግሞ እሱ ያወራል። በአፋርኛ! ሴትየዋ ቆንጆ ናት። ልጅ አዝላለች። ልጁን ጠጋ ብዬ አየሁት... አፍንጫው የድረስን አይመስልም? ወንጌላዊትን ዞሬ ባያት ፎቶ ታነሳለች። ሞኝ ልጅ!

"ሪያድ፣ ያቺ ሴት ማናት?"

"እኔ ምን አውቄ ማዘር። ዳጉ እየተቀባበሉ ነው። አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ያየውን የሰማውን ሳይነግር፣ የእሱንም ሳይሰማ አይለቅም። ዝናብ የት ጣለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ግመል የጠፋበት አለ ወይ... ልክ እንደ እርስዎ ነው የሚጠይቁት!"

እኔ እንዲህ እጠይቃለሁ? እንጃ።

ለነሪያድ ፍየል ታረደ። ቀኑ ረቡዕ። አራጁ አፋር። አሁን አገኘሁህ አልኩ በሆዴ። ድረስ ግን ሩዝ በቲማቲም ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ለእርስዎም አሠርቻለሁ እትዬ።" ለኔ ሲል ነው የጾመው? ሰው ሲጾምም ይጠረጠራል? ይጠረጠራል እንጂ!

ጥር 21፣ ሐሙስ፤ አፍዴራ

ልጻፈው። አለዚያ ነገ "አልሰማሁም" ብዬ ራሴን አሳምናለሁ።

ከሐይቁ ተነጥላ ወደቀረች አንዲት የጨው ኩሬ ወረድን። ውሃዋ ሰው አያሰጥምም። አስተማሪዎቹ በጀርባቸው ተንሳፍፈው እንደ ሕፃን ይንጫጫሉ። ወንጌላዊትም ገባች። እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ብቻ ላስነካ አልኩ። ጨው እንዲህ ስለት አለው? የዳሩ ቅርፊት ከእግሬ ሥር ተሰበረና ቁርጭምጭሚቴን ላጠው። ቁስል ላይ ጨው ሲባል ተረቱን ብቻ ነበር የማውቀው... ጮኽኩ።

ድረስ ሮጦ ደረሰ። ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። የሚጠጣውን ውሃ፣ በዚያ ሐሩር፣ ሙልጭ አድርጎ እግሬ ላይ አፈሰሰው። ተንበርክኮ ሲያጥበኝ ከእጅ ሰዓቱ ሥር ጥቁር ክር አየሁ። ማተቡ!

"አንገቴን ላብና ጨው ሲያቆስለኝ ነው እዚህ ያሰርኩት" አለ። ምን እያየሁ እንደነበር ገብቶታል።

አፈርኩ። የእውነት አፈርኩ። የወለድኳት ልጅ እንኳ እግሬን አጥባኝ አታውቅም። ወደድኩት። በቃ ወደድኩት፤ ምን ይደረግ።

ስለወደድኩት ነው እንግዲህ የጠየቅሁት። ልመረምረው አልነበረም። "ልጄ፣ ዘርህን ግን ለምን ሸሸግኸኝ?" አልኩት።

ቁስሉን በነጠላዬ ጫፍ አስሮ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ቆጠረልኝ።

"ምስጋናው የአካለ ወልድ ልጅ ነው። የአካለ ወልድ እናት የሻረግ ትባላለች። የሻረግ የወልደ ሚካኤል ልጅ። የደብረ ኤልያሱ።"

በዚያ ሙቀት በረደኝ።

እኔ የውበቱ ልጅ ነኝ። ውበቱ የጥሩነህ። ጥሩነህ የደምስ። ደምስ የወልደ ሚካኤል። የደብረ ኤልያሱ! ደምስና የሻረግ ወንድምና እህት ናቸው። ወንጌላዊት በአምስተኛ ቤት፣ እሱም በአምስተኛ ቤት... ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"አያቴ በጨው ንግድ ባቲ ወርዶ ቀረ እንጂ አገሩን አልረሳም፤ በልጅነቴ አስቆጥሮኛል። አንድ ቀን ወንጌላዊት 'እናቴ ሰባቱን ቤት በቃሏ ነው የምትወርደው' ብላ የእናንተን ስትቆጥርልኝ፣ ወልደ ሚካኤል ላይ ስትደርስ... አላስችል አለኝ፤ ተነስቼ ወጣሁ። እሷ እስካሁን አታውቅም። እርስዎ ሲጠይቁኝም ዋሸሁ። ግን እንደ ሌባ ተደብቄ ልጅዎን ልወስድ አልቻልኩም እትዬ። እምቢ ካሉኝ ሽማግሌ አልልክም። ሰበቡን በራሴ አድርጌ እሄዳለሁ። እርስዎን አትቀየምም።"

ወንጌላዊት ከውሃው ውስጥ እጇን አውለበለበች። "ምንድን ነው የምታወሩት?"

"ስለ ጨው" አልኳት።

ይኸው ዋሸኋት። ሳላስብበት።

ጥር 22፣ ዓርብ፤ መንገድ ላይ

ከመኪናው ስወርድ ድረስ ደገፈኝ። ሪያድ አይቶን "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!" አለ። ደርቄ ቀረሁ። ማን ነገረው? ምን ሰማ? ...ቀልዱን ነው። ቀልዱን ነው አይደል?

ጥር 25፣ ሰኞ

ቤቴ ገባሁ። ነነዌም ገባ። የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ ምእመኑ ሁሉ እኔን የሚያየኝ መሰለኝ። እሱስ ሸሽቶ የት ደረሰ?

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠጋ አልኳቸው።

"አባ፣ በአምስተኛ ቤት የሚገናኙ ልጆች ቢዋደዱ ምን ይደረጋል?"

"ሥርዓቱ ሰባት ነው ልጄ። ለማን ነው?"

"ለጎረቤት።"

መስቀሉን አሳለሙኝ። "ጎረቤትሽን እኔ ዘንድ ትምጣ በያት" አሉ። ትኩር ብለው አዩኝ። አወቁብኝ?

ጥር 27፣ ረቡዕ

ወንጌላዊት ሳህን እያጠበች ታንጎራጉራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፅ የማይሰማባት ልጅ ናት። ዛሬ ግን ታንጎራጉራለች።

"እማዬ፣ ከበረሃ ከተመለስሽ ዝም አልሽ። አልወደድሽውም?"

"ወድጄዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"እግሬን እያመመኝ ነው።"

ብነግራትስ? ብነግራት ትተወዋለች። አትጮኽም፣ አታለቅስም፤ "እሺ እማዬ" ብላ ትተወዋለች። ያ ነው የሚያስፈራኝ። ከዚያ ማታ ማታ ከእኔና ከአምሳሉ ጋር ሬዲዮ ስትሰማ ትኖራለች። እንከን ፈልጌለት ነበር፤ ይኸው አገኘሁ። ያገኘሁት ግን መፈለጉን ከተውኩ በኋላ... አምስተኛ ቤት ምንድን ነው? የሞቱ ሰዎች ስም አይደለም? ሆ! ይህን የምለው እኔ ነኝ? የሰፈሩን ሁሉ ዝምድና ሳበጥር የኖርኩት?

ደግሞ ታላቅ እህቴ ሥራነሽ ከመንገዱ በፊት ለተቀጠረው የእሑዱ ሽማግሌ ከደብረ ኤልያስ ልትመጣ ነው። አባታችን ዘር ያስጠናን ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው። እኔ ስሳሳት የምታርመኝ እሷ ነበረች። ብትቀር ምናለ... ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ? እህቴን አትምጣ የምል?

ድረስ ከሰዓት በኋላ ደወለ። "ምን ላድርግ እትዬ?" ብቻ አለ።

መልሱን ሳላዘጋጅ ነው ያነሳሁት። አፌ ራሱ ተናገረ። "አባትህ ሲመጡ ጋቢ ይያዙ። የማርቆስን ብርድ አይችሉትም" አልኩት።

ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የካቲት 1፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። መሪጌታው ከፊት፣ የድረስ አባት አቶ አንተነህ ከኋላ። ቆመው ሰላምታ ሰጡ፤ ቆመው ጠየቁ፤ ተቀመጡ ሲባሉም እሺ ያሉት ከስንት ልመና በኋላ ነው። ደንቡ አልተጓደለም። ዘር ቆጠራው ላይ ሲደረስ አምሳሉ "በእኛ በኩል ቆጣሪዋ የብርጓል ናት" አለ። አውቄው ነበር።

አቶ አንተነህ ቀደሙ። "እኔ የምስጋናው ልጅ ነኝ። ምስጋናው የአካለ ወልድ። ከዚያ በላይ አባቴ አልነገረኝም።" ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ። ያውቃሉ? አያውቁም? እንጃ።

ተራዬ ደረሰ። ሥራነሽ ከሴቶቹ መሐል ናት፤ የነጠላዋን ጥለት እየቆጠረች።

"ውበቱ" አልኩ። "ጥሩነህ። ደምስ።"

ወልደ ሚካኤል ምላሴ ላይ ነው። ጥርሴን ነከስኩ።

"ከደምስ በላይ ጠፋኝ።"

አምሳሉ ዞሮ አየኝ። "አንቺን? አንቺን ጠፋሽ?"

"እርጅና ነው።"

መሪጌታው "ከዚያ በላይ ያለውን ፈጣሪ ያውቃል" ብለው አለፉት። አምሳሉ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠላ ላምጣ ብዬ ወደ ጓዳ ሸሸሁ።

ሥራነሽ ተከትላኝ ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ደምስ እህት ነበረችው" አለች ቀስ ብላ። "የሻረግ። የልጇ ስም ደግሞ አካለ ወልድ ነበር።"

ጆጉን እንደያዝኩ "እታለም..." አልኩ።

ሥራነሽ በበሩ ክፍተት አሻግራ አየች። እኔም አየሁ። ወንጌላዊት ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ የአባቷን አፍ ትጠብቃለች። እህቴ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጆጉን ከእጄ ተቀበለችኝ።

"እኔም ስም ይጠፋኝ ጀምሯል" አለች።

ለምን? ልጠይቃት ፈለግሁ። አልጠየቅኋትም።

አምሳሉ "ሰጥተናል" ሲል እልልታውን የጀመረችው እሷ ናት።