አልበሰለም ያልኩሽ ማክሰኞ

ውድ የልጄ እናት፣

የዓይንሽ ሞራ በስሎ ነበር። ከዚህ ልጀምር፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ እዚያው ሰላምታው ላይ እቀራለሁ። ያቺ ማክሰኞ ከመስኮቱ ተመልሼ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ ለተቀመጥሽው ለአንቺ «ሞራው ገና አልበሰለም አሉ» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት አጠገቤ ኖርሽ፤ ካረፍሽ ደግሞ ይኸው ሦስት ዓመት። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ዋጥ አድርጌ ኖሬያለሁ። ስጸልይ ጥፋቴን በየተራ እጠራለሁ፤ ያቺ ማክሰኞ ላይ ስደርስ ግን እንደ ደነዘ መርፌ እዘላታለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በአንድ ዓይን ነው። መስመሩ ቢንጋደድ አትገረሚም፤ ታውቂኛለሽ።

ቀኑን አትረሽውም። ሐኪሞቹ ከሩቅ ለዓይን ዘመቻ ወደ ሆስፒታሉ መጥተው፣ የግል ክሊኒኩ የዓመት የቤት ኪራያችንን የሚጠይቅበትን ቀዶ ሕክምና በካርድ ዋጋ ብቻ ይሠራሉ የተባለ ጊዜ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፈን ተራሽ ሲደርስ፣ ነርሷ በባትሪ ዓይንሽን አይታ ጠብታ አደረገችብሽና ጨፍነሽ ተቀመጪ አለችሽ። አንቺም አጠገብሽ ላለችው ሴትዮ «ይኸውልሽ፣ አያለሁ ብዬ ብመጣ ያለችኝን ጭላንጭልም አስጨፈኑኝ» ብለሽ ወንበሩን ሙሉ አሳቅሽው።

ነርሷ እኔን ወደ መስኮቱ ጠራችኝ። ካርድ ጽፋ ሰጠችኝና «አባባ፣ ሐሙስ ጠዋት ይዘዋቸው ይምጡ። ፊታቸውን በሳሙና ታጥበው ይምጡ። አሁን የቀኙን እንሠራለን፣ ግራውን በሌላ ዙር። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ አይፍሩ» አለችኝ። ከመስኮቱ እስከ አንቺ ወንበር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ስነሣ ልነግርሽ ነበር። ስደርስ ሌላ ሰው ሆኜ ደረስኩ።

ለምን? ብዙ ዓመት ለራሴ «ፈርቼ ነው» ስል ኖርኩ። ቢላዋው ጭራሽ ቢያጠፋትስ ብዬ ነው እል ነበር። ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ እንደ ግማሽ ሱሪ ነው፤ ለብሰውት ከቤት አይወጡም።

ሙሉው ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት እኔ የስፌት መኪናው ላይ ስሰፋ፣ አንቺ ጎኔ ተቀምጠሽ ቁልፍ ስትተክዪና ጠርዝ ስትዘመዝሚ ኖርን። ከእጄ የወጣውን ልብስ ሁሉ ወደ ብርሃኑ አንሥተሽ ታዪዋለሽ። ስፌቱ ከተንጋደደ ቀይ ክር ታስሪበታለሽ። በእኛ ቤት ቀይ ክር «ተርትረው» ማለት ነው። ተርትሬ እንደገና እሰፋለሁ፤ አንቺ እንደገና አይተሽ በራስሽ መቀስ እስክትቆርጪው ድረስ ያ ክር አይነሣም። ደንበኛ ፊት ሳይቀር «አንተ ጠማማ ስፌት» ትዪኝ ነበር። ደንበኛው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴ ግን አንዱንም አይረሳም ነበር።

ዓይንሽ ሲጋረድ ቀዩ ክር ቀረ። ልብሱን በጣትሽ ዳብሰሽ «እጅህ ይባረክ፣ ዘንድሮስ ቀናህ» ማለት ጀመርሽ። ዱሮ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከፊቴ ቀድመሽ «ና እንጂ፣ ምነው እንደ ሙሽራ!» የምትዪኝ ሴት፣ ክንዴን ይዘሽ ከኋላዬ መጣሽ። ሰውም «እንዴት ያለ ባል ነው፣ እንዲህ ያለውን ይስጠን» አለ። አንቺ የምታዪኝ መሆንሽ ቀርቶ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ እኔ ላንቺ የማይልሽ ሆንኩ። ወደድኩት። እግዜር ይይልኝ አልልም፤ እሱማ አይቷል። ወደድኩት።

ካርዱን በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሥር ከተነጠፈው ወረቀት በታች ሸሸግኩት። ለጥቂት ቀን ብዬ ነበር። ዘመቻው በዓመቱ ሲመለስ «ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ገና ነው» አልኩሽ። በሦስተኛው ዓመት ሳቅሽ። «ይሄ ሞራ ምን ዓይነት ባቄላ ነው እቴ? ይህን ያህል ቢጣድ ድንጋይም ይበስል ነበር» አልሽኝ። ከዚያ ሳቁን አቁመሽ ፊትሽን ወደ እኔ አዙረሽ ብዙ ቆየሽ። የሚያይ ሰው አተያይ ነበር። ያ ፊት እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም።

ልጃችን የወለደች ጊዜ ሕፃኗን ታቅፈሽ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን በጣትሽ ዳሰስሽ። «ማንን ትመስላለች?» አልሽኝ።

«ቁርጥ አንቺን።»

«እኔን እኮ ረስቼዋለሁ» አልሽ።

ያኔ እንኳ መሳቢያውን አልከፈትኩም።

ሳንባሽ ታሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄድሽ። በቀብርሽ ዕለት ልጃችን «ስድስት ወር ቢቀረኝ ነው እኮ! ምናለ ስድስት ወር ብትታገሠኝ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ሰማሁ። ለእሷም ያንኑ «አልበሰለም» ነግሬያት ነበር። የግል ክሊኒኩ ግን ሳይበስልም በመሣሪያ ያወጣዋል መባሉን ሰምታ፣ ከዳቦ ቤት ደመወዟ እየቆነጠረች ስታጠራቅም ነበር። እናቷን በጨለማ ያስቀረች እሷ እንደሆነች አምናለች። እኔ ሦስት እርምጃ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አልቀረብኳትም።

ከዚያ አንቺ ወደ ቤት ተመለስሽ። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው? ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጓዳ በመዳፍሽ ግድግዳውን እየዳበስሽ ስትሄጂ የሚሰማው ያ ድምፅ፣ ደረቅ ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ ሲጎተት የሚመስለው፣ ተመልሶ መጣ። በጠራራ ፀሐይ ነው የሚመጣው። ከምሳ በኋላ መኪናው ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን ለግድግዳው ስሰጥ ከኋላዬ ያልፋል። እግሬን ከመርገጫው አነሣለሁ፤ ይቆማል። ስረግጥ ይቀጥላል። ዞሬ አላየሁም። ብዞርስ ምን ላይ? የኔም ዓይን ጀምሮት ነበር። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋኝ፣ ቀጥሎ አምፖሉ ዙሪያውን ጢም አበቀለ፣ በመጨረሻ ዓለሙ ሁሉ ወተት የተደፋበት መስታወት ሆነ። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ፍርዱ መጣ፣ አንገቴን ደፍቼ ልቀበል አልኩ። እኔም መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ ስሄድ እጄ አንድ ለስላሳ መስመር አገኘ። ያንቺ መንገድ ነበር። በእሱ ሄድኩ።

ባለፈው ወር ልጃችን መጣች። ሻይ ስቀዳላት «አባዬ፣ የምትቀዳው እኮ ከብርጭቆው ውጭ ነው» አለች። ከዚያም «እንደ እማዬ አላደርግህም፤ አሁን በሆስፒታሉ ዓመቱን ሙሉ በካርድ ዋጋ ይሠራሉ፤ ሰኞ እንሄዳለን» አለችኝ።

አፌ እኔን ሳይጠይቅ «አልበሰለም ብለውኛል» አለ። ያው ቃል፣ ያው ድምፅ። ጀርባዬ ላይ ያለው ግድግዳ ጸጥ አለ።

«ማን ነው ያለህ? ጠይቄ እኮ ነው የመጣሁት። እስኪበስል ጠብቁ የሚባለው ዱሮ ነው። ሰውየው ማየት ካስቸገረው ይሠሩለታል፣ አለቀ።» የፈሰሰውን ሻይ ጠረገች። «ታዲያ እማዬን ለምን እንደዚያ አሏት?»

እሷው ለራሷ መለሰች፤ «ድሃ ስለሆንን ነዋ!»

ነርሷ ያችው ነበረች። በድምፅዋ ነው የለየኋት። ከቀኝ ቅንድቤ በላይ ፕላስተር ለጠፈችብኝ፤ የሚሠራው ዓይን ይህ ነው ለማለት ነው። ጠብታ አደረገችብኝና ጨፍነው ይቀመጡ አለችኝ። እንዳንቺ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ልጃችን «ሲስተር፣ የዛሬ ሰባት ዓመት በዘመቻው እርስዎ ነበሩ?» ስትል ሰማሁ።

«አዎ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለሁ።»

«እናቴን አልበሰለም ብለው የመለሷት እርስዎ ነዎታ! ምነው፣ ልብሷ አላማረዎትም? ይኸው ሳታይ ሞተች። አሁን አባቴንም ሊመልሱት ነው?»

ነርሷ «እህቴ፣ እኛ እንደዚያ ብለን የመለስነው ሰው ትዝ አይለኝም...» ብላ ጀመረችና ድምፅዋ ሰለለ። «ብቻ ሰው ነኝ፣ ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ» አለች።

ትሰሚያለሽ? እሷ ይቅርታ ለመነች። እኔ ጨፍኜ ተቀምጫለሁ። ጉንጬን ሲያርሰው ጠብታው የፈሰሰ መስሏት በጥጥ ጠረገችልኝ።

ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አንዳች አያምም። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እወቂው፣ አንዳች አያምም።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየሁት የልጃችንን ፊት ነው። ሽበት አውጥታለች። ቤት ስንደርስ ባልዲ ሙሉ ኖራ አዘጋጅታ ኖሯል። «በአዲሱ ዓይንህ ይህን እድፋም ግድግዳ አታይም፤ አንተ አረፍ በል፣ እቀባዋለሁ» ብላ ብሩሹን አነሣች።

«ተዪው!» ብዬ ጮኽኩ።

መስመሩን አየሁት። በወገብሽ ልክ፣ ቡናማ፣ በመዳፍሽ ወዝ የሚያብለጨልጭ። ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጓዳ። ግን በእጄ ያላገኘሁት አንድ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ከመኪናው ኋላ ዞሮ መሳቢያው ጎን ያበቃል። የመሳቢያው እንጨትም እዚያው ጥጉ ላይ በጣት ብዛት ጠቁሯል። አንቺ ክር የምታወጪው ከራስሽ ቅርጫት ነው። ከእኔ መሳቢያ ምን ፈልገሽ?

ማጠንጠኛዎቹን አወጣሁ፣ ወረቀቱን ገለጥኩ። ካርዱ አለ። ጥጉ በመርፌ ተበስቶ ቀይ ክር ታስሮበታል። ቋጠሮው ያንቺ ነው፤ ሦስት ዙር፣ ጭራው አንድ ጣት። ዓይንሽ ሲደክም ቀዩ ማጠንጠኛ ከሌላው እንዳይሳሳትብሽ በጥርስሽ ነክሰሽ ምልክት አድርገሽበት እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ካርዱን ማን እንዳነበበልሽ አላውቅም። ምናልባት ማንም አላነበበልሽም። ጠማማ ስፌቴን በጣትሽም ታውቂው ነበር ማለት ነው፤ የልብሱንም፣ የአፌንም።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ይቅር ብለሽኝ እንደሆነ ክሩ አይናገርም። ቀይ ክር የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ልጃችን ብሩሹን እንደያዘች። ሰጠኋት። አነበበችው፣ ቀኑን ደግማ አነበበች። ከመስኮቱ ጀምሬ እስከ ትናንቱ ወንበር ድረስ ነገርኳት፤ ወድጄው እንደነበርም ሳልደብቅ። ይጮህብኛል ያልኩት አፏ አልጮኸም።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ጫማ በገዛሁ ቁጥር የእማዬን ዓይን የተጫማሁ ይመስለኝ ነበር።»

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ሳትዞር «ለሲስተሯስ ማን ይነግራታል?» አለችኝ።

ዛሬ ቀጠሮዬ ነበር። ልጃችን መጥታ ወሰደችኝ፤ ክንዴን ግን አልያዘችም። እንዳንቺ ከፊቴ ቀደመች፤ ደረስኩባት አልደረስኩባት ሳትል ሄደች። ካርዱን በደረት ኪሴ ይዣለሁ። ክሩን አልቆረጥኩትም፤ እሱ የመቀስሽ ሥራ ነው።

ወንበሩ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር በተለጠፈባቸው ሰዎች ሞልቶ ነበር። ነርሷ ከመስኮቱ ኋላ ሆና ካርድ ትጽፋለች። ልጃችንን ስታይ አንገቷን ደፋች። ተነሣሁ። አሥራ አምስት እርምጃ ነው፤ ዛሬ በትክክል ቆጠርኩት። ካርድሽን ከነቀይ ክሩ መስኮቱ ላይ አኖርኩና፣ ወንበሩ ሁሉ እየሰማ «ሲስተር፣ እርስዎ ሐሙስ ይዘዋቸው ይምጡ ብለውኝ ነበር። አልበሰለም ያልኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

ጠማማ ስፌትሽ