ባዶ የመለስኩት ምሳ ዕቃ

ይድረስ ለእናቴ፣ ለእማሆይ፤

እንደምን ከረሙ? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ ለስግደቱ ይታዘዝልዎታል ወይስ እንደ አምናው ግድግዳ ተደግፈው ነው? የገዳሙ ብርድስ? ባለፈው የላክሁልዎን ጋቢ ይደርቡታል ወይስ እንደ ልማድዎ ለሌላ ሰጡት? እኔም፣ ባለቤቴ ዓምደሚካኤልም፣ የልጅ ልጅዎ ኤዶምም፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ደኅና ነን የምለው ስለ አካላችን ነው፤ የእኔ ልብ ደኅና አይደለም፣ እሱን ከታች ያገኙታል። ፊደሉን እንዲህ አግዝፌ የጻፍኩት ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ራስዎ እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው።

እማሆይ ማለቱን ስድስት ዓመት ሙሉ አልለመድኩትም። ዛሬ መሃል ላይ እማዬ ካልኩ ይቅር ይበሉኝ፤ የምጽፈው ነገር ለእማዬ የሚነገር ነው። ደብዳቤውን የሚያደርሱልዎ የጽዋ ማኅበራችን እትዬ አክበረት ናቸው። የቀረውን ጾም እናንተ ዘንድ ሊያሳልፉ ሰኞ ይነሣሉ። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ፣ በሙጫው ላይ ደግሞ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ምክንያቱን ሲደርሱበት ወይ ይስቃሉ ወይ ያዝኑብኛል።

ከሰፈር ልጀምር። ፒያሳን አሁን ቢያዩዋት መንገዱ ይጠፋብዎታል። እኛ ያለንበት ወገን አልተነካም፣ እኔም ጊዮርጊስ ጋ ባለችው የስፌት ሱቄ ዚፕ እየቀየርኩ፣ ኮሌታ እየገለበጥኩ አለሁ። የእትዬ ሸሪፋ ቤት ግን ፈርሷል። ያንን እርስዎ ጨው ሲያልቅብዎ የሚያንኳኩትን ግድግዳ አሁን ባንኳኳ የሚመልስልኝ የለም፣ ከወዲያ በኩል አስፋልት ሆኗል። ለእሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። እግራቸውን መቼም ያውቁታል። አንዴ ወርደው ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሽኩር ታስሯል። ቀስ አድርጌ ልነግርዎ አስቤ ነበር፣ ቀስ የሚባልበትን መንገድ አጣሁት። እትዬ ሸሪፋ ወልደው ሲታመሙ፣ እርስዎ እኔን በቀኝ እሱን በግራ ታቅፈው አርባ ቀን ያጠቡት ሽኩር። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያገለገለ ስልክ እየገዛ ይሸጥ የለ? ከገዛቸው መሃል የተሰረቁ ተገኙ። ሰረቀ ያለው የለም፤ ከማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መግዛቱን ግን ራሱም አልካደም። ፖሊሶች መጀመሪያ የሄዱት እናቱ ቤት ነው፣ ያውም በረመዳን። ልጅዎ የት ነው ሲሏቸው፣ ጾም በያዘ አፌ አልዋሽም ብለው ጓደኛው ሙዓዝ ቤት እንዳለ ነገሯቸው። በማግስቱ ምግብ ቋጥረው ጣቢያ ሲሄዱ ሽኩር ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከዛሬ ጀምሮ እናት የለኝም፣ ምግብሽንም በአፌ አላዞርም አላቸው። ያን ቀን ያን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ በየፎቁ እየተቀመጡ አልቅሰዋል።

ጣቢያው ከሱቄ አሥር ደቂቃ አይሆንም፣ ስለዚህ ስንቁ የእኔ ሆነ። እሱም ጾም፣ እኔም ጾም፤ ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ለማፍጠሪያው ሽሮ ወይም ምስር ይዤ እሰለፋለሁ። በሩ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ያመጣነውን ምግብ ፖሊሱ ፊት ቀምሰን ነው የምናስገባው፣ የተመረዘ እንዳይሆን። የራሴን ሽሮ እየቀመስኩ ሳስገባ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ሽኩር ከሽቦው ወዲያ ቆሞ፣ አይኑ ብሎ እየጠራኝ፣ የእኔ ክስ ቀሎ ይገኛል፣ በዚህ ጨው ግን አንቺ አትፈቺም እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አራዳ መሆኑን እስር ቤትም አላስተወውም። ስለ እናቱ ግን አንድም ቀን አልጠየቀም፤ እኔም አላነሣሁም።

ዒድ ሲደርስ እትዬ ሸሪፋ ጠሩኝ። ጠዋት ሄድኩ። ሌሊት ተነሥተው የሚወደውን ጥብስ በቅቤ አድርገው፣ ቆጮውን ጨምረው ምሳ ዕቃ ሞልተው ጠበቁኝ። ጾሜ እንዳይረክስ፣ እጄ እንኳ እንዳይነካው ብለው በሁለት ፌስታል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለውታል። ከበላው ይቅር ብሎኛል ማለት ነው፣ ካልበላው እንዳለ መልሺልኝ፣ ባዶውን ካመጣሽልኝ ግን ልጄ፣ አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። እሳቸው የመቅመሱን ሕግ አያውቁም፣ ማን ነግሯቸው? እኔ በየቀኑ የምቀምሰው ግን ታክሲ ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ ትዝ አላለኝም። የእናቱ ምግብ አለ ብዬ ሽሮም አላበሰልኩ።

በሩ ላይ ፖሊሱ ጨርቁን ፈትቶ ክዳኑን ከፈተና ቅመሽ አለኝ። ያኔ ነው ክው ያልኩት። ዘወር ብዬ ባይ ከኋላዬ ሰልፉ ውስጥ ማን ቆሟል? እትዬ አክበረት! የእህታቸው ልጅ ታስሮ ኖሯል። ለማኅበሩ ክፍለ ሀገር ሥራ ይዞ ሄደ ብለው ነበር የነገሩን፤ ይህን እርስዎም እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ። የጥብሱ ሽታ ሰልፉን ሲያዳርሰው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጾም ላይ ነኝ፣ ይህን አልቀምስም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት እማዬ፣ እንዲሰሙኝ። ፖሊሱ አልተቆጣም፤ እንግዲያው አይገባም፣ የሚቀምስ ሰው ፈልጊ አለኝ። ሰው ልፈልግ ማለት አቅቶኝ ምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ ከሰልፉ ወጣሁ።

ጾሜን ያከበርኩ ብሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። የእትዬ ሸሪፋን ቤት ሥጋ አለመብላቱን ከእርስዎ ነው የተማርኩት፣ እርስዎ ግን ለልጃቸው ጡትዎን አልከለከሉትም። እውነቱን ልንገርዎ። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። የጾሙን አይደለም፣ የወተቱን። ኬክ ቤት ገብቼ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ባንኮኒው ላይ ቆሜ። ዘንድሮ የጀመርኩትም አይደለም። ይህን ከሽኩር በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከመታሰሩ በፊት የሰፈር ሰው ብቅ ሲል ከበሩ ሆኖ የሚያፏጭልኝ እሱ ነበር። እና ያን ቀን አፌን የዘጋው ጾም አይደለም። ይሉኝታ ነው። እግዜርን ያልፈራሁ ሴትዮ እትዬ አክበረትን ፈራሁ፤ እሳቸውም እኮ እንደኔው እስረኛ ሊጠይቁ የቆሙ ናቸው!

ጥብሱን ድልድዩ ጋ ለተቀመጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ በሉ። ምሳ ዕቃውን ሱቄ ወስጄ አጠብኩት። በማግስቱ ለእትዬ ሸሪፋ ስወስድላቸው እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፣ በአምላክ ስም ይመኑኝ። በሩን ሲከፍቱ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ አላረፈም፣ ምሳ ዕቃው ላይ ነው። ተቀብለው ወዘወዙት። ባዶ ነው። በላልኝ? አሉ። በላ አልኩ። አጥንቱንስ ጋጠው? አሉ። ጋጠው አልኩ። ምን አለ ሲሉኝ ደግሞ እጇ ይባረክ ብሏል አልኳቸው። ምነው አፌን ያኔ በቆረጠው! ያን ቆርቆሮ ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው፣ ልጄ ታረቀኝ እያሉ ያለቀሱት ለቅሶ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ ጣቢያ መሄድ ፈርቼ ራሴን አሞኛል ብዬ ስንቁን በዓምደሚካኤል እየላክሁ ሰነበትኩ። ማክሰኞ ራሴ ሄድኩ። ሽኩር ስለ ጨው አላሾፈም። ሽቦውን ይዞ፣ የዒድ ለት ስሜ ይጠራል ብዬ በሩን ሳይ ዋልኩ፣ እሷ ምንም አልላከችም አይደል? አለኝ። ልንገረው ነበር። አፌ ግን ወደለመደበት ሄደና እግራቸውን አሟቸው ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይገባኛል፣ እናት የለኝም ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ ሽሮውን እንኳ ሳይቀበል ወደ ውስጥ ገባ። ሽኩር ሲያለቅስ አይተውት ያውቃሉ? እኔ አላውቅም ነበር።

ስወጣ ነጂባ የምትባል፣ ባሏን የምትጠይቅ ሴት ተከተለችኝ። እህቴ፣ ለዒድ እኮ ከአንቺ ቀጥሎ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ምነው ቅመሽልኝ ሳትዪኝ ጥለሽ ሄድሽ አለችኝ። እዚያ በር ላይ ሁልጊዜ ሲቀማመሱ ነው የሚውሉት፤ የክርስቲያኑን ዶሮ ክርስቲያን፣ የሙስሊሙን ሥጋ ሙስሊም። ጾሜም ሳይነካ፣ ልጁም ሳይራብ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ያቺ ቃል ናት በእትዬ አክበረት ፊት ያሳፈረችኝ።

የዚያኑ ቀን ማታ እትዬ ሸሪፋ ደወሉ። ልጄ ከታረቀኝማ እግሬ ቢቆረጥም ሐሙስ መጥቼ አየዋለሁ አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ፣ ከዚህ በኋላ መሸሸጊያ አልነበረኝም። ረቡዕ ሱቄን ዘግቼ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የማኪያቶውን ሳይቀር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ታዲያ ልጄ ለዒድ ምን በላ? አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ሽሮም ያን ቀን አልወሰድኩማ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ላግዝዎ አልኳቸው። ተዪው አሉኝ።

ሐሙስ አብረን ሄድን። ከታክሲ እስከ በሩ ትከሻዬን ይዘው ነበር፤ መያዙን አልተዉኝም፣ ፊታቸውን ግን ወደ እኔ አላዞሩም። ፖሊሱ ቅመሱ ሲል ነጂባ ከኋላ፣ እማማ እኔ ልቅመስ፣ እርስዎ ከዒድ በኋላ ያለውን የሸዋልን ስድስት ቀን እየጾሙ አይደል አለቻቸው። ለልጄማ እኔው ነኝ የምቀምሰው፣ ይችን ቀን ሌላ ጊዜ እመልሳታለሁ ብለው ከጥብሱ አንስተው ጎረሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሽኩር እናቱን ሲያይ ሽቦው ላይ ተለጠፈ። ማን ይቅርታ እንደጠየቀ አላውቅም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበር የሚያወሩት። እኔም ይቅርታዬን እሳቸው ፊት ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እሱ የማይስቅበት ነገር የለማ። አየኝና፣ አይኑ፣ ለማኪያቶ ያፈረስሽውን ጾም ለእኔ ጊዜ ጠበቅሽው? አለኝ። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። መልሱን እርስዎ ካወቁት ይላኩልኝ እማዬ።

ልንወጣ ስንል ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን መለሰልን። ከበድ ብሎኝ ከፈትኩት። ጣቢያው በቀን የሚያድላቸውን ዳቦ ከቶበታል። ሳህን ባዶ አይመለስም በልልኝ ብሏል አለ ፖሊሱ። ትዝ ይልዎታል አይደል፣ በዚያ ግድግዳ በኩል ስትላላኩ የነበረው ሕግ? እትዬ ሸሪፋ ድልድዩ ጋ ታክሲ ስንጠብቅ ዳቦውን ለሁለት ቆረሱትና ግማሹን በእጄ አኖሩልኝ። እሳቸው እዚያው ቆመው በሉ። እኔ አልበላሁትም። ለእሳቸው ነው እንጂ ለእኔ የላከው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ስንብቱ። ዓምደሚካኤል ጉልበትዎን ይስማል። ኤዶም ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፣ በሚቀጥለው በእጇ ትጽፍልዎታለች። እትዬ ሸሪፋ፣ ያጠባሽውን ልጅ በጸሎትሽ አትርሺው በያት ብለውኛል። የቤትዎን ባልንጀሮች ሁሉ፣ በተለይ ውኃ የሚቀዱልዎትን እማሆይ፣ ሰላም ይበሉልኝ። ለእትዬ አክበረት ስለ ደብዳቤው ምንም አይንገሯቸው፤ መንገድ ደክሟቸው ነው የሚመጡት፣ እግራቸውን ይጠቡላቸው። ለእኔ የንስሐ ቀኖና ይቁረጡልኝ፤ ስለ ማኪያቶው ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፣ እርስዎን የምለምነው ስለ ሽኩር ነው። በወረቀት ጠቅልዬ ከፖስታው ጋር ያሰርኩት ደረቅ ነገር የእኔ ግማሽ ዳቦ ነው። እኔ መብላት አልቻልኩም፣ ለእርስዎ ግን ሽኩር ልጅዎ ነው። የጾም ነው፤ ይቅመሱልኝ።

ልጅዎ አይናዲስ

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ
መጋቢት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.