በፈረስ የተጎተተችው ፒካፕ

ሮቤ፣ ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጤናሽስ? ያ በየብርዱ የሚዘጋው ጉሮሮሽ ዘንድሮ ተሻለው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ዙሀይራ አሥር ዓመት ሞላት፤ እናቷም ጊኒር ሌላ ትዳር ይዛ በሰላም ትኖራለች። እህቴ ጁሀራ ሰላም ብላሻለች። እናትሽን ትናንት እሑድ ጎባ ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው። የእሳቸውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ከረቡዕ ወዲህ ስድስት ጊዜ ደውለሽልኛል። አይቼ ነው ያላነሳሁት። ድምፅሽን ከሰማሁ የጠየቅሽኝን ሁሉ እሺ የምል መስሎኝ ነው። ወረቀት ላይ ግን ረጋ ብዬ አስባለሁ፤ ታውቂኛለሽ። ከመኪናዋ ጋር የላካችሁት ኢንጂነር አቤሴሎም ነገ በአውሮፕላን ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ ከፈተናው ሪፖርት ጋር በእጅሽ ይሰጥሻል።

ረጋ ብዬ አልኩሽ እንጂ እነዚህን አምስት ቀናት አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። መጋዘኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ረስቼ ደግሞ እከፍታለሁ። ጁሀራ አንድ ነገር እንዳጋጠመኝ ገብቷታል፤ ወይ ተቀመጥ ወይ ሂድ፣ በሩን አታሰልችብን ብላኛለች።

እንግዲህ ስለ መኪናዋ። ከእሷ ጋር የላክሽልኝን ወረቀት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ የኤሌክትሪክ ፒካፕ ስድስት መቶ ኪሎ ጭኖ ከጎባ ሪራ በሳነቴ ተራራ ደርሶ መልስ ያለ ችግር መጓዙን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ የስሜና የፊርማዬ ቦታ፣ ከጎኑ የመጋዘኔ ማኅተም። ይህ ወረቀት ከባሌ ካልመጣ ኩባንያችሁ እዚህ ቅርንጫፍ እንደማይከፍት፣ ቅርንጫፉ ካልተከፈተም ያንቺ ቦታ እንደሚያጠራጥር ነግረሽኛል። ይህን ስትነግሪኝ ድምፅሽ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እሱንም በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞና ማክሰኞ የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጥልሽ።

«ሰኞ። አጋርፋ ደርሰን ተመለስን። አምስት ኩንታል ስንዴ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ መኪናዋ አላንገራገረችም። ጭስ የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ወረፋ የለ። አቤሴሎም ማውራት ከጀመረ የሚያቋርጠው የለም፤ መኪናዋም ዝም ስለምትል ሙሉ መንገድ ስለ ባትሪ ነገረኝ።»

«ማክሰኞ። ጎሮ ገበያ። ድምፅ ስለሌላት በጎቹ አይበረግጉም፤ አህዮቹ ግን መምጣቷን ስለማይሰሙ ከመንገድ አይወጡም። አንድ አህያ ወደ ኋላ ሄዶ የፊት መከላከያ ብረቷ ላይ ተቀመጠባት። ባለቤቱ ‘ይቅርታ፣ የቆመች መስሎት ነው’ አለኝ። ከዚህ በቀር እንከን የለም። ማታ መብራት ሄዶ ስለነበር ግማሽ ብቻ ሞላች፤ ቀሪው ጠዋት ተሞላ።»

ያን ማታ ወረቀቱን አውጥቼ ስሜን ጻፍኩበት። ፊርማው ብቻ ቀረ። ረቡዕ ስመለስ እፈርማለሁ ብዬ ነው። እቃ ሳያዩ አለመፈረም ልማዴ ሆኖ እንጂ ልቤ ቀድሞ ፈርሞ ነበር።

ረቡዕ ከጎባ በዘጠና ስድስት ተነሳን። ይህ ቁጥር ባትሪው ላይ የሚታየው ነው፤ መቶ ሲሆን ሙሉ ነው። ስድስት ኩንታል ገብስ ጭነናል። ዳገቱን በደንብ ወጣችው፣ አልዋሽሽም፤ የእኔ አይሱዙ የሚያቃስትበትን ጥምዝ እሷ ዝም ብላ አለፈችው። ሳነቴ ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት ነበር። ብርዱን ታውቂዋለሽ፤ ባትሪውም እንደ ሰው ይኮማተራል አለኝ አቤሴሎም። ወደ ሪራ ስንወርድ ቁልቁለቱ ትንሽ መልሶ ሞላላትና ሃምሳ ሰባት ይዘን ገባን። ሪራ መብራት የለም። ገብሱን አራግፈን በምትኩ ማርና ቡና ጫንን፤ ያው ስድስት መቶ ኪሎ። አቤሴሎም በስልኩ ሲያሰላ ቆይቶ «ጋሼ፣ ባትሪው አሥር ሲቀረው ጎባ እንገባለን፤ ከዚህ በላይ አንድ ኪሎ አይጨመር» አለኝ።

ከሪራ መውጫ ላይ እናትሽ ተቀምጠዋል።

ለኅዳር ሚካኤል መና ከተማ ወንድማቸው ዘንድ ሄደው ሲመለሱ የተሳፈሩባት ሚኒባስ ተበላሽታ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ለኅዳር ጽዮን በዓል ጎባ መድረስ አለባቸው። አጠገባቸው ኦቦ ዳቢሴ፣ የሪራው ማር ነጋዴ፣ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ቆመዋል። ማግስቱ ሐሙስ የሮቤ ገበያ ነውና እነሱም ቸኩለዋል። አቤሴሎም «አይቻልም፤ ፈተናው ይበላሻል» አለኝ። እኔ ግን በሳነቴ መንገድ ላይ አሮጊት ትቶ የሚያልፍ ፒካፕ አላየሁም፤ ወደፊትም አይኖርም። ይልቅስ ፈተናው ገና አሁን ተጀመረ አልኩት። እናትሽን ከፊት ከጎኔ አስቀመጥኩ፣ አቤሴሎምን ወደ ኋላ ወንበር አዛወርኩት፣ ሌሎቹ ከማሩ ላይ ወጡ። እናትሽ በሩን ከዘጉ በኋላ ነው ፊቴን ያዩት። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «አንተ ነህ እንዴ» አሉ።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ቁጥሩ ዐሥራ አምስት። የቱሉ ዲምቱን ተራራ ስናልፍ ስድስት። ከዚያ በረዶ ጣለ። ወደ ጎባ የሚያወርደው ቁልቁለት ጋ ለመድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀረን መኪናዋ ጉልበቷን ከለከለችና ቆመች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ከኋላ የነበሩት ወርደው ሊገፉ ሞከሩ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሰው ሃያ እርምጃ ገፍቶ ይቀመጣል። አቤሴሎም ያንን ትንሽ ቀሪ ጉልበት ለመቆጠብ ማሞቂያውን አጠፋው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ብንደርስ በፍሪ፣ በራሷ ክብደት እንወርዳለን፣ እየወረደችም ትሞላለች ይላል። እውነቱን ነው። ግን ሦስት ኪሎ ሜትር አለ። እሱና ሌሎቹ ኔትዎርክና ሰው ፍለጋ ወደ ፊት ሄዱ። እኔና እናትሽ ከውስጥ ቀረን።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠናል። የጾም ስንቃቸውን ቆሎ አውጥተው ሰጡኝ። የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉብኝ። ከዚያ ወደ በረዶው እያዩ የጠየቁኝን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ እንዳላሳምረው ብዬ።

«ያኔ ሽማግሌ ልከህ እምቢ ብዬ ስመልሳቸው፣ ለምን ዝም አልክ?»

«እርስዎ እምቢ አሉ» አልኩ።

«እምቢ ማለትማ ወጉ ነው። በአንድ ቀን ልጁን የሚሰጥ ማን አለ? ሽማግሌ ሦስቴ ይመላለሳል።»

«ሃይማኖቱን ያነሱብኝ መስሎኝ።»

«አንስቼ ነበር፤ አዎ። ለወጉ ብቻ አይደለም፣ ከልቤም ከብዶኝ ነበር። ግን ሁለተኛ ቢመጡ ምን እንደምመልስ ክረምቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። እሷም በሩን ስታይ ከረመች። አልመጡም።»

እኔ የገበያ ሰው ነኝ። ሻጭ አልሸጥም ሲል ገዢ ጀርባውን ይሰጣል፤ ጥቂት ራቅ ካለ በኋላ ይጠሩታል። የማውቀው ይህን ነው። ያን ክረምት ራቅ ብዬ እስክጠራ ስጠብቅ ነበር። በመስከረም አዲስ አበባ ሄድሽ ሲሉኝ፣ ዋጋው ሳይስማማ ቀረ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቁጣ የለኝም ብዬ እኮራ ነበር። ለካ ቁጣ ማጣቴ ነው የጎዳን።

እናትሽ ስላንቺም የነገሩኝ አለ። ሥራ ውለሽ ስትገቢ ማን በር እንደሚከፍትልሽ ጠይቄያቸው ነበር። የመለሱልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሰዎቹ ከጎባ ገበያ ወደየቤታቸው ከሚመለሱ አራት ፈረሰኞች ጋር ተመለሱ። ኦቦ ዳቢሴ ናቸው ያግባቧቸው፤ አንዱ የእህታቸው ባል ነው። ገመድ አሰሩ፣ ሁለት ሁለት አድርገው ፈረሶቹን ጠመዱ። ኦቦ ዳቢሴ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው ለአቤሴሎም በኦሮምኛ «ልጄ፣ እንግዲህ ገብስ የምትበላው በየትኛው በኩል ነው?» አሉት። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሲስቅ አልገባውም ነበር፤ ስተረጉምለት ግን እሱም ሳቀ። መቼም ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ክፉ እንዳታስቢ። ፈረሰኞቹን ስልካችሁን አታውጡ ብሎ ለመናቸው። ሦስቱ እሺ አሉ፣ አራተኛው ቀረጻት።

ከአፋፉ ወዲያ አቤሴሎም እንዳለው ሆነ። ያለ ድምፅ ወርደን ጎባ ስንገባ ቁጥሩ ሰባት ደርሶ ነበር። እናትሽን ቤታቸው አደረስኩ። ሐሙስ የሮቤ ገበያ ሙሉ ቪዲዮውን አይቶት ጠበቀኝ። «ዘይነዲን፣ አዲስ ጋሪ ገዛህ አሉ» የማይለኝ አልነበረም። ከባጃጅ ተራ አንዱ ደግሞ ፈረሶቹ በስንት ሰዓት ቻርጅ እንደሚያደርጉ ጠየቀኝ።

አቤሴሎም አንድ መፍትሔ አመጣ። ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ ስለነበረ ረቡዕ እንደ ፈተና አይቆጠርም፤ ቅዳሜ በስድስት መቶ ኪሎ ብቻ፣ ሰው ሳንጭን፣ ፀሐይ ሲሞቅ ደግመን እንሂድና ፈርም አለኝ። ምናልባት ያልፍልን ነበር። ሐሙስ ማታና ዓርብ ሙሉ ቀን ይህን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ከመጋዘን እስከ መስጊድ፣ ከመስጊድ እስከ መናኸሪያ ተመላለስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ጊዜ ማኅተሙን አውጥቼ ተንፍሼበት ነበር።

ነገር ግን እኔ ስፈርም የሚገዙት እነማን ናቸው? ኦቦ ዳቢሴ ናቸው። እንደሳቸው ያሉት ናቸው። በበረዶ ቀን፣ ስምንት ሰው ጭነው፣ አንዷ ምናልባት ምጥ የያዛት ሆና፣ ሜዳው ላይ ሊቆሙ ነው። ያኔ ወረቀቱ ላይ ስድስት መቶ ኪሎ ይላል ብዬ ልከራከራቸው አልችልም። እዚህ ሰው ሳይጭን ሳነቴን የሚያልፍ የለም።

ስለዚህ የናንተን ዐረፍተ ነገር ሰረዝኩትና ከሥሩ በእጄ የራሴን ጻፍኩ፦ «በሮቤ፣ በአጋርፋና በጎሮ ሜዳ እኔ ራሴ እገዛታለሁ። ሳነቴን ግን በሰው ልማድ ተጭና ደርሳ አትመለስም፤ ሪራ ላይ መሙያ እስኪተከል ድረስ ለዚያ መንገድ አትሽጡ።» ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ። ይህ ለቦታሽ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሳላውቅ እንዳደረግኩት አታስቢ። አቤሴሎም ተቀብሎ አነበበና መሙያ የሚለውን ቦታ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ምናልባት ከዚያ የሚጀምር ነገር ይኖር ይሆናል። ከሌለም የሚወቀሰው እኔ ነኝ፤ ስሜን ጥሪላቸው።

ወረቀቱ እንግዲህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሆን ብዬ ከእኔ አስቀድሜ የላክሁት ለዚሁ ነው፤ ሌላው ነገር ከእሱ ጋር እንዳይቀላቀል።

መኪናዋን ለመመለስ ጫኝ መኪና እንልካለን ብላችኋል። አትላኩ። ጭነት ሳትይዝ ዲንሾን አልፋ ዶዶላ፣ ከዚያ አሰላ፣ ከዚያ አዳማ እያደረች እየሞላች ትደርሳለች፤ የመንገዱን እያንዳንዱን ዳገት አስልቼዋለሁ። ሐሙስ ማለዳ እነሳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት አዲስ አበባ ነኝ። ተቆጥተሽ ከሆነ እስከዚያ አምስት ቀን አለሽ፤ ከዚያ በላይ ከፈለግሽም ውጭ እንቆያለን።

ብቻዬን አልመጣም። ኦቦ ዳቢሴ አዲስ አበባን አይተው ስለማያውቁ አብረው ይመጣሉ። የአባትሽ ጓደኛ ጋሽ ተክለማርያምም ነጭ ጋቢያቸውን አሳጥበዋል። እናትሽም ከፊት ተቀምጠው ይመጣሉ፤ ግን ከሰፈርሽ ሁለት ማዞሪያ ቀደም ብዬ እንዳወርዳቸው አዘውኛል። ከሽማግሎቹ ጋር አንድ ላይ መግባት ነውር ነው አሉ። እሳቸው ቀድመው ቤትሽ ገብተው ይቀመጣሉ፤ በሩ ሲንኳኳ ነው የሚያዩን።

አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ፤ የእናትሽም አምላክ ካንቺ አይራቅ። እስክንገናኝ ብርዱን ተጠንቀቂ።

አንድ ጊዜ ብቻ ያንኳኳው የድሮ ወዳጅሽ