አማቴና የአየሩ ዋጋ

ጥቅምት 6

አዲሱ ሥራ ተጀመረ። መናፈሻው በር ላይ ቆሞ፣ ከሚገባው ሰው አምስተኛውን እየጠሩ መጠየቅ። አረንጓዴ ሰደርያ ሰጡኝ... ሆዴ ላይ አልቆለፍ አለ። በማን ልክ ነው የሚሰፉት እነዚህ ሰዎች?

ዋናው ጥያቄ ሰባተኛው ነው፦ «በዚህ መናፈሻ ንጹህ አየር ለመተንፈስ በወር ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?» የሚሰበሰብ ገንዘብ የለም፣ ግምት ብቻ። ሕዝቡ ለአየሩ ጥሩ ዋጋ ከሰጠ መናፈሻው እንዳለ ይቆያል። ካጣጣለው፣ ዛፍ ያለበት ወገን ተመንጥሮ የጭነት መኪና ማቆሚያ ይሆናል። ይህን ግን ለተጠያቂ መናገር ክልክል ነው፤ መልሱን ያበላሻል አሉ። አለቃዬ በሰንጠረዥ ካልሆነ አያስብም። ስሙንም «ሰንጠረዥ» ብለነዋል። «አንተ ቁጥር እንዳትጠራ፣ እነሱ ይጥሩ» አለኝ።

የመጀመሪያው ሰው አንድ ጡረተኛ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ። ጥያቄውን አነበብኩላቸው።

«አንተ ስንት ትላለህ?»

«እኔ አልልም አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚሉት።»

«እሱማ እላለሁ። መጀመሪያ አንተ በል እስኪ።»

ተፋጠጥን። በመጨረሻ «ዜሮ» አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ተነሱ። ትንሽ ራቅ ብለው ዞር አሉ፦ «ካልተስማማህ ነገም እዚሁ ነኝ።»

ጥቅምት 8

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። አንዲት ሴትዮ «የአንድ ሎሚ ዋጋ...» ብላ ስትጀምር ጓደኛዋ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

ጥቅምት 11

ወሬው ወጣ። አየር ሊሸጥ ነው ተብሏል!

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ፦ «በሜትር ነው በኪሎ?» ጥናት ነው ብል ማን ይስማኝ። «ልጅ ላለው ቅናሽ የለውም?» አንገቴ እሱ እጅ ነው... አለው አልኩት።

ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለካ ወሬው መሥሪያ ቤቷ ድረስ ደርሷል፤ «የአየር ሻጩ ሚስት» ይሏታል። እናቷ ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሲያዩኝ አመሹ። ምን አስበው ይሆን?

ጥቅምት 14

የፈራሁት ደረሰ። አምስተኛው ሰው አማቴ ሆኑ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የነገዱ ሴት ናቸው። እኛ ጋ የገቡት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው፤ ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ዛፍ ሥር ይንሸራሸሩ ስላላቸው፣ መናፈሻው ደግሞ ከቤታችን ፊት ለፊት ስለሆነ። ሦስተኛ ፎቅ ነን። መናፈሻ ያልሄዱ ቀን ደረጃውን እያረፉ እያረፉ ነው የሚወጡት። የሄዱ ቀን ግን እኔን ቀድመው በሩን ያንኳኳሉ። ከዚያ ደግሞ «ምን ይጎትትሃል?» ይሉኛል።

እንዳላየ ማለፍ አልቻልኩም፤ ሰንጠረዥ ዛፍ ተደግፎ ያየኛል። እንደማላውቃቸው ሆኜ ጀመርኩ።

«እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«መቼ በሞተችልኝ እያልክ ስትቆጥር አልነበር እንዴ? አንተ ንገረኛ!»

ኧረ አልቆጠርኩም... ብዙም አልቆጠርኩም። ጥያቄ ሰባት ላይ ደረስን።

«ለእግዜር አየር? ዜሮ። እሱንም የልጄ ባል ስለሆንክ ነው።»

ቤት ስንገባ አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። «እማማ፣ ሁላችሁም ዜሮ ስትሉ እኮ መናፈሻው ዋጋ የለውም ማለት ነው!»

ሳቁብኝ። «አንተ ገበያ ወጥተህ አታውቅም። ገዢ ቀድሞ ዋጋ ከጠራ አለቀለት። አጣጥሎ፣ ፊቱን አዙሮ ነው የሚገዛው።»

«ሻጭ የለም እኮ!»

«ሻጭ ከሌለ አንተ ሰደርያ ለብሰህ እዚያ ምን ትገተራለህ?»

ሰደርያውን አውልቄ በሩ ጀርባ ሰቀልኩት።

ጥቅምት 18

ሰንጠረዥ ደመረ፣ አካፈለ። አማካዩ ከአንድ ሎሚ ዋጋ ያንሳል። «ሕዝቡ አየሩን አይፈልገውም። ቁጥር አይዋሽም» አለ። ደስ ብሎት ነው እንዴ? ጉዳዩን የሚወስነው የከተማው ኮሚቴ በሚመጣው ወር መጀመሪያ ይሰበሰባል።

ዝናብ ስለነበር አማቴ መናፈሻ አልሄዱም። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ታች ሱቅ ወርደው እየተመለሱ ነበር። «ጫማዬን እያስተካከልኩ ነው» አሉ። የተጫሙት ሰንደል ነው፤ ሰንደል ምኑ ይስተካከላል? እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ጫማዬን አስተካከልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሴትዮዋ ጋር ስነታረክ ኖሬ ዛሬ ምን ነካኝ?

ጥቅምት 20

ጥርሴን ስቦርሽ መጣልኝ። ገዢ ስናደርጋቸው ያጣጥላሉ... ሻጭ ብናደርጋቸውስ?

ሰንጠረዥን ለመንኩት። «ጥያቄ ስምንት እንጨምር፦ ይህን አየር ቢወስዱብዎ ስንት ይካሱ?» አሻፈረኝ አለ። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ባዶ አምድ እንዳለ አሳየሁት። ሰውየው ባዶ አምድ አይወድም። ተፈቀደ! ቀድሞ የተጠየቀ ሁሉ እንደገና ይጠየቃል።

ጥቅምት 23

ጉድ ፈላ። ያ ዜሮ ሲል የነበረ ሕዝብ የት ገባ? ጡረተኛው ቪላ ጠየቁ። ፀጉር አስተካካዩ ቪላና መኪና። «የመጨረሻውን ነው የነገርኩህ፣ ደንበኛዬ ስለሆንክ» ይለኛል ጭራሽ። ሰንጠረዥ ሲደምር ላብ አጠመቀው። የከተማው የዓመት በጀት ለመናፈሻው አንድ ጥግ አይበቃም። «ይህ ሕዝብ ያላግጣል!» ብሎ ጮኸ። ልክ ነው፣ ያላግጣል።

ጥቅምት 25

የአማቴ ተራ። ከተማውን ከነከንቲባው እንደሚጠይቁኝ ገምቼ ነበር የሄድኩት። ጥያቄ ስምንትን አነበብኩላቸው።

«ማነው የሚወስደው?»

መናገር ክልክል ነው። ተናገርኩ። የጭነት መኪና፣ ከዛፎቹ ጀምሮ እስከ አጥሩ።

ቀና ብለው ዛፉን አዩት።

«አይሸጥም።»

«እማማ፣ ቁጥር ነው የምፈልገው።»

«አይሸጥም አልኩህ እኮ! ጻፈዋ!»

ሳጥኑ ከቁጥር ሌላ አይቀበልም። ሰንጠረዥን ብጠይቀው «ባዶ ከተውከው ዜሮ ነው» አለ። ዜሮ? እሳቸው ያሉት ዜሮ ነው? ከሳጥኑ ውጭ፣ ወረቀቱ ዳር ላይ፣ በትልቁ «አይሸጥም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሮጥኩ። «ቪላውንም መኪናውንም ቢሰጡህ የእውነት ትለቃለህ?»

ምላጩን አስቀመጠ። «የምር ሊሰጡኝ ነው?»

«ቢሰጡህስ?»

ጆሮውን አከከ። «ታዲያ ልጄ ብስክሌት የት ይማራል?... ተወው፣ ሰርዘው።»

እሱንም ዳር ላይ ጻፍኩት። ጡረተኛውንም።

ጥቅምት 29

ሁሉንም ዞሬ እንደገና ጠየቅኩ፤ ከግማሽ በላይ «አይሸጥም» አሉ። ሰንጠረዥ አየው። «ወረቀቱን አበላሽተሃል፣ ከስብሰባው በኋላ ሰደርያውን አስረክብ» አለ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ለአማቴ አልነገርኩም።

ኅዳር 4

አዳራሹ ጢም አለ። ግማሹ የመጣው አየር ስንት እንደገባ ሊሰማ ነው።

ሰንጠረዥ አነበበ። በጥያቄ ሰባት ከሎሚ ያነሰ፣ በጥያቄ ስምንት ከበጀት የበለጠ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ የቱን ልመን?» ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ይህ ዳር ላይ የተጻፈውስ ምንድን ነው?»

«የሠራተኛ ስህተት ነው» አለ ሰንጠረዥ።

ተነሳሁ። «ስህተት አይደለም ጌታዬ። ዋጋ አንጠራም ያሉ ሰዎች ናቸው። ከግማሽ በላይ ናቸው።»

«ቁጥር ያልሰጠ ሰው አማካይ ውስጥ አይገባም!»

ያኔ ከኋላ ድምፅ መጣ። የማውቀው ድምፅ።

«ጌታው፣ ባለቤቱ አልሸጥም ያለዎትን ዕቃ በየት በኩል ሊገዙት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። ከሰዓት ተወሰነ፦ መኪኖቹ ከከተማው ዳር ያለው ባዶ መጋዘን ግቢ ይሄዳሉ። ዛፎቹ ተረፉ!

አማቴ ግን ሲወጡ በግነዋል። «እጃቸው ሲፈታ ሁለት ወንበር ጨምሩልን ማለት ነበረብኝ። ተቻኮልኩ።»

ኅዳር 10

ሥራ ከፈታሁ ስድስተኛ ቀኔ። ባለቤቴ ሚስጥር አትችልም፤ ትናንት ለእናቷ ሁሉንም ዘረገፈችው። ዛሬ ጠዋት አማቴ በሬን አንኳኩ። «ተነስ፣ ገበያ እንወጣለን። በዚህ አሮጌ ኮትህ ሥራ ፍለጋ አይኬድም።»

ኮት መረጡልኝ። ሻጩ ዋጋ ጠራ... የእብድ ዋጋ። የምቀመጥበት ፈለግኩ፤ ከሳቸው ጋር ገበያ መውጣት ማለት እስከ ምሳ ሰዓት መገተር ነው። ቦርሳቸውን ከፈቱ። የጠራውን ሰጡት። ሙሉውን።

ሻጩ ደነገጠ። ኮቱን ከእጄ ነጥቆ ገልብጦ አየው፣ ኪሶቹን በሙሉ ፈተሸ። እኔም ግንባራቸውን ልነካ ቃጣኝ። ትኩሳት ይሆን?

«እማማ... ሳይከራከሩ?»

«በዚህ አልከራከርም» አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።

እጅጌው ትንሽ ረዝሞብኛል። ትንፍሽ አላልኩም።