የቀደድኩት የምርመራ ወረቀት

እማዬ፣ እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት ነው። ከተለየሽን አምስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። መካኒሳ ያለው ቤታችን ደህና ነው፤ የፊት ለፊቱ አጥር ለመንገድ ሥራ ፈርሶ በቆርቆሮ አጥረነዋል። እህቴ ሰላም አግብታ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ቤት ይዛ ገባች፤ ሴት ልጅም ወለደች። የልጅቷ ግንባር ያንቺ ነው፣ ቁጣዋም ሳይሆን አይቀርም።

የምጽፍልሽ ግን ግራ ገብቶኝ ነው። ባለፈው ወር ጡቴ ላይ እብጠት ዳስሼ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አትደንግጪ፣ ናሙና ወስደው ክፉ አይደለም አሉኝ። ሐኪሟ ስላንቺ ስትጠይቀኝ የጡት ካንሰር እንደነበረብሽ ነገርኳት። ከዚያ ብዙ አስረዳችኝ፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። ለዚህ ካንሰር የሚያጋልጥ፣ በዘር የሚወረስ ጂን አለ አለች። ዕጢው ላይ የሚፈለጉ ፕሮቲኖችም አሉ፤ መኖር አለመኖራቸው የካንሰሩን ዓይነት ይናገራል፤ ዓይነቱ ደግሞ በዘር የመጣ መሆኑን ለመጠርጠር ይረዳል። ስለዚህ ያንቺን የናሙና ውጤት አምጪ አለችኝ።

ከየት ላምጣው? የመረመረው ላቦራቶሪ ተዘግቷል፣ ወረቀቱን ደግሞ እኔ ቀድጄዋለሁ። በሽተኛ ከሰማ ተስፋ ይቆርጣል ብለው ዘመዶች መከሩ፤ እኔም አብሬ መከርኩ። ዕድሜሽን ሙሉ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ስትተይቢ ኖረሽ ወረቀቱን ካየሽው አለቀልን ብዬ ቦጫጨቅኩት። ታክሲ ውስጥ ስትጠይቂኝ እዚያው አስቀሩት አልኩሽ። ቤት እስክንደርስ በመስኮት ስታዪ ነበር። ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም፣ ዛሬም አልገባኝም።

ሐኪሟ፣ አያቴ እናትሽ በምን እንደሞተችም ጠየቀችኝ። በምች ስትይ ነው የሰማሁት። እውነት ምች ይሁን፣ እኛ እንደዋሸንሽ አንቺንም ዋሽተውሽ ይሁን፣ እንጃ። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ በሽታሽን ስለደበቅንሽ ግን ማንም ሊጠይቅሽ አልቻለም። ተናድጃለሁ እማዬ፤ በማን እንደሆነ አልለየሁም።

ሰላምም አታውቅም። ያኔ ፈተና ላይ ናት ብለን ሕመምሽን ጨጓራ ነው አልናት። አሁን ደግሞ አራስ ናት፣ ትደነግጣለች እያልኩ ሳምንት አሳለፍኩ። እኔም ጂኑን ልመርመር አልመርመር ገና አልቆረጥኩም፤ ውጤቱ ቢመጣ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ነገ ግን እሷ ጋ እሄዳለሁ። ልጅቷን ታቅፌ፣ በሽታሽን በስሙ ጠርቼ እነግራታለሁ። እስከዛሬ ያስታወስኩሽ ሸፋፍኜ ነበር፤ ከእንግዲህ እንደነበርሽ አስታውስሻለሁ፣ ከነሕመምሽ። ቃል የምገባልሽ ይህንን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተምታቶብኛል።

ልጅሽ ማርታ