ያልተመለሱት ሦስት ኩባያዎች
የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከቆርቆሮ ሠሪው አባታቸውና በሆስፒታል ማዕድ ቤት ዕቃ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ቢሆኑም በሕይወት ያደጉት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህም እናታቸው ለአፍታ እንኳ ዓይናቸውን ከእርሳቸው ላይ አይነቅሉም ነበር። በዚያ ባለ አንድ ክፍል ቤት ስለት ያለው፣ የሚፈላውና የሚሰበረው ሁሉ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ ነበር። እናታችን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ዕቃ መፍራት ተምረዋል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1960 ዓ.ም. የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ። መምህራቸው ለመመረቂያ የአበባ ማስቀመጫ እንዲሠሩ ቢያዟቸው፣ እርሳቸው ሲዘነበል ክዳኑ የማይወድቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቀረቡ። መምህሩ በመጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ሻይ ቀዱበትና ደግመው ቀዱ።

በ1963 ዓ.ም. የቤት ዕቃ ፋብሪካ ንድፍ ክፍል ተቀጠሩ። ከድስት አፍ ላይ የማይንሸራተተውን ጭልፋና እንፋሎቱን ከእጅ የሚያርቀውን ክዳን የሠሩት በዚያ ነው። አዲስ ዕቃ ሁሉ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ሳምንት እኛ ቤት ለሙከራ ይከርም ነበር። እናታችን እጃቸውን ሳሙና ቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በግራ እጃቸው ያነሡታል። አክስታችን እዚህ ቤት ሻይ ለመጠጣት ልብ ያስፈልጋል እያሉ ይቀልዱ ነበር። ጎረቤቱም «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው፤ ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል ነበርና።

በ1966 ዓ.ም. የፋብሪካውን ምድጃ ተቆጣጣሪ አግብተው እኔንና ወንድሜን ወለዱ። አባታችን ከምድጃ ፊት የሚውሉ ደፋር ሰው ነበሩ፤ ቤት ሲገቡ ግን እናታችን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያዩላቸው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. እናታችን ባለ ሁለት ግድግዳ ኩባያ ሠሩ። ነጭ ነው፣ ከንፈሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለው፣ ከሥሩ ቁጥሩ በጣት እንዲዳሰስ ተደርጎ ታትሟል። የፈላ ነገር ቢሞላበት እንኳ ውጩ ቀዝቃዛ ነው። ሦስት ሳምንቱን ያለ እንከን አለፈ፤ ሁለት መቶ አርባ ተሠርቶም በጥቂት ቀናት አለቀ። እናታችን ዕድሜ ልካቸውን የፈሩትን ነገር ያሸነፉ መሰላቸው።

ፈተናው ሁሉ ግን የእጅ ነበር። ለአፍ ማንም አላሰበም። እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ኩባያውን በሁለት እጄ አነሣሁ፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ገና ከእሳት የወረደውን ወተት በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ዛሬ ይህን የማነብላችሁ ድምፅ እንዲህ የሻከረው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

እናታችን በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀርበው ኩባያው ሁሉ እንዲሰበሰብ ጠየቁ። አንድ ልጅ ነው የተቃጠለው፣ እርሱም የራስሽ ነው ተባሉ። ሥራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫት አንጠልጥለው በየቤቱ እየዞሩ አዲስ ኩባያ ሰጥተው ያንን ይቀበሉ ጀመር። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ አስቀድመው የልጁን አፍ ያያሉ። ሬዲዮ ስለተቃጠለ ሕፃን ካወራ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምሱም። እኔም የእርሳቸውን ፊት እያየሁ ነው መፍራት የተማርኩት።

በ1975 ዓ.ም. ዛሬ በየቤቱ የምናየውን ኩባያ ሠሩ። ይህኛውም ሁለት ግድግዳ አለው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት አንዲት ቦታ ብቻ ስስ ሆና ቀርታለች። ሙቀቱን ከንፈር ሳይነካው ጣት ያውቀዋል። ብዙዎች አመስግነዋቸዋል፤ ተሸልመውበታልም። ሽልማቱን ለመቀበል ሲወጡ ግን ዓይናቸው አዳራሹ ውስጥ ሻይ በሚያዞሩት ሰዎች እጅ ላይ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በ2009 ዓ.ም. አባታችንን አጡ። የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ሲያደክመው የቅዳሜውን ቅርጫት እኔ ተረከብኩ። ሕመሙ ወደ ኩላሊታቸው ዘልቆ ሆስፒታል ሲገቡ ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባቱ ተመልሰው ነበር። ሦስቱ ግን የት እንደደረሱ አልታወቀም።

በየቀኑ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሁሉም ገቡ?» ይሉኛል። በመጨረሻው ሳምንት ጭንቀታቸውን ማየት አቃተኝና ገብተዋል አልኳቸው። ለማሳመን ከተመለሱት መካከል ሦስቱን ከቤት አንሥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩ። የመጀመሪያውን ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ቁጥር አሥራ ሁለት ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጎረቤታችን በራሳቸው እጅ የተቀበሉት። ሌሎቹን አልነኩም። እጄን ያዙኝና «አንቺም ፈራሽ፣ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

በሐኪሞች ብዙ ቢረዱም፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። እናታችን የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

ሊሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ ስትገቡ ቁም ሣጥናችሁን እዩልኝ። ያልተመለሱት ቁጥር 41፣ ቁጥር 118 እና ቁጥር 206 ናቸው። ኩባያው ውብ ስለሆነ ማንም አይጥለውም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ካገኛችሁት አትጠጡበት፣ ለልጅም አትስጡ፤ ጥሩኝና መጥቼ እወስደዋለሁ። ቅዳሜን እየጠበቅሁ ነው።

እናታችን ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው እጅ እንዳይቃጠል ሲሳሱ ኖረዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል፤ ቀስ አድርጎ።